የአደራ ሁለተኛው ወገን፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ የባህል ተቋማት መዛግብትና የሕዝብ መብት

መግቢያ

በመንግሥት ወጪ የሚተዳደር ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር ወይም የጥናት ተቋም ሁለት ዓይነት መዛግብት ይይዛል። አንደኛው ዓይነት ተቋሙ ለሕዝብ ሲል የሰበሰበው ክምችት ነው፤ የብራና መጻሕፍት፣ ፎቶግራፎች፣ የድምፅ ቅጂዎች፣ የእንስሳትና የዕፀዋት ናሙናዎች፣ እነዚህንም የሚመለከቱ የመስክ ማስታወሻዎች በዚህ ክፍል ይመደባሉ። ሁለተኛው ዓይነት ተቋሙ የዕለት ተግባሩን ሲያከናውን ራሱ የሚፈጥረው ሰነድ ነው፤ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ውል፣ የሒሳብ መዝገብና የተቆጣጣሪ ሪፖርት የዚህ ክፍል ናቸው። ስለ መጀመሪያው ዓይነት በተነገረ ቁጥር ለሕዝብ ክፍት መሆን ይገባዋል የሚለውን ሐሳብ የሚቃወም አይገኝም። ስለ ሁለተኛው ሲነሣ ግን ጉዳዩ የጽሕፈት ቤቱ የውስጥ ሥራ ተደርጎ ይታለፋል።

ይህ አስተያየት ግን ሲመረመር አይጸናም። አንድ መምህር ለክፍሉ ትምህርት የሚሆን ፎቶግራፍ ፈልጎ ሳያገኝ ቢመለስ፣ ያላገኘበት ምክንያት በፎቶግራፉ ላይ ተጽፎ አይገኝም። ምክንያቱ ያለው በሁለተኛው ዓይነት መዝገብ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ተቋሙ ከሌላ ወገን ጋር በተዋዋለው ውል፣ በጀቱን በደለደለበት ሰነድ፣ ወይም ቅድሚያ የሚሰጠውን ሥራ በወሰነበት ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። ስለዚህ የተቋሙ የአስተዳደር መዝገብ ሲዘጋ የቅርሱም በር ቀስ በቀስ መዘጋቱ አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ግንኙነት በአንድ በታወቀ ምሳሌ ማስረዳትና ለኢትዮጵያ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። ምሳሌው በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶንያን ተቋም ነው። ስለ ውጭ አገር በሚነገርበት ክፍል ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያ በሚነገርበት ክፍል ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

1. አደራው እንዴት እንደ ተመሠረተ

ጄምስ ስሚዝሰን የተባለው እንግሊዛዊ የኬሚስትሪና የማዕድን ተመራማሪ በ1829 ሞተ። በኑዛዜው ንብረቱን ለወንድሙ ልጅ ካወረሰ በኋላ፣ ወራሹ ልጅ ሳይተካ ቢሞት ሀብቱ በሙሉ ለአሜሪካ መንግሥት እንዲተላለፍና በዋሽንግተን እውቀት የሚጨምርበትና በሰዎች መካከል የሚሰራጭበት ተቋም እንዲመሠረትበት አዘዘ። ስሚዝሰን በሕይወቱ ሳለ አሜሪካን ረግጦ አያውቅም። ወራሹ በ1835 ልጅ ሳይተካ ስለ ሞተ ኑዛዜው ተፈጻሚ ሆነ፤ ከ100,000 በላይ የወርቅ ፓውንድ በ1838 ወደ አሜሪካ ተጓጓዘ። በጊዜው ምንዛሪ ይህ ሀብት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በገንዘቡ ምን ዓይነት ተቋም ይመሥረት በሚለው ጥያቄ ላይ ለዓመታት ከተከራከረ በኋላ፣ የመቋቋሚያው ሕግ በነሐሴ ወር 1846 ጸደቀ።

ከዚህ አመሠራረት የተነሣ ተቋሙ የተለየ ጠባይ አለው። በአንድ በኩል በምክር ቤት ሕግ የቆመ ነው፤ ዛሬ ከበጀቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚያገኘው ምክር ቤቱ በየዓመቱ ከሚመድበው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። በሌላ በኩል መነሻው የአንድ ግለሰብ ኑዛዜ ስለሆነ የአደራ ተቋም ተብሎ ይጠራል፤ ከስጦታና ከንግድ ሥራ የሚገኝ የራሱ ገቢም አለው። የሚመራው 17 አባላት ባሉት ቦርድ ነው። ከእነዚህም መካከል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ፣ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዝዳንት፣ ከሁለቱ ምክር ቤቶች የተውጣጡ ስድስት አባላትና ዘጠኝ ሌሎች ዜጎች ይገኙበታል። የዕለት ሥራውን የሚመራው ሹም ዋና ጸሐፊ ይባላል።

ተቋሙ ዛሬ 21 ቤተ መዘክሮችንና አንድ የእንስሳት መጠበቂያ ያስተዳድራል፤ የክምችቱ ብዛት ከ150 ሚሊዮን በላይ ነው። መዝገብ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ ከራሱ ታሪክ ተምሯል። በጥር ወር 1865 በዋናው ሕንፃ ላይ በደረሰው ቃጠሎ የስሚዝሰን የግል ወረቀቶችና ከተቋሙ የመጀመሪያ ዓመታት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ተቃጥለዋል። ከዚህ የተነሣ አደራውን የሰጠው ሰው ለምን አሜሪካን እንደ መረጠ የሚያስረዳ የጽሑፍ ማስረጃ በእጅ የለም፤ ጥያቄው እስከ ዛሬ በግምት ብቻ የሚመለስ ሆኗል።

የተቋሙ መዛግብት ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደሉም። አፄ ምኒልክ ለፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በስጦታ የላኩት የሜዳ አህያ በ1904 የገባው በዚሁ ተቋም በሚተዳደረው የእንስሳት መጠበቂያ ነበር። በ1911 እና በ1912 የፍሪክ ጉዞ በመባል የሚታወቀው የጥናት ቡድን ከኢትዮጵያና ከኬንያ የሰበሰባቸው የአዕዋፍ ናሙናዎችም ወደዚያው ገብተው በኋላ በተቋሙ ሕትመት ዝርዝራቸው ወጥቷል። ስለ አገሩ አዕዋፍ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ የባዮሎጂ መምህር እንግዲህ በዚህ ክምችት ውስጥ የራሱ አገር ጉዳይ አለው ማለት ነው። የክምችቱ በር መከፈትና መዘጋት እርሱንም ይመለከተዋል።

2. ሕጉ ተቋሙን የማይነካ ሆኖ መገኘቱ

የአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ በፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን የተፈረመው በሐምሌ ወር 1966 ነበር። የሕጉ ዋና ሐሳብ አጭር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለን ሰነድ ማንኛውም ሰው ምክንያቱን ሳይገልጽ ሊጠይቅ ይችላል፤ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን መስጠት አለበት፤ የሚከለክልም ከሆነ በሕጉ ከተዘረዘሩት ዘጠኝ ምክንያቶች አንዱን መጥቀስ ግዴታው ነው። ከክልከላዎቹ መካከል የአገር መከላከያ ምስጢር፣ የንግድ ምስጢርና የግለሰብ የግል ጉዳይ ይገኛሉ። መልስ የሚሰጥበት ጊዜ 20 የሥራ ቀናት ነው። የተከለከለ ጠያቂ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ሊያመለክት ይችላል። ከአንድ ሰነድ ውስጥ ሊገለጥ የማይገባው ጥቂት መስመር ብቻ ቢሆን ያ መስመር ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጣል እንጂ በጥቂት መስመር ሰበብ ሰነዱ በሙሉ አይከለከልም።

ሕጉ የሚገዛው ግን «የመንግሥት መሥሪያ ቤት» የተባለውን ብቻ ነው። በ1974 የተሻሻለው ትርጉም የሚዘረዝረው የአስፈጻሚው ክፍል መሥሪያ ቤቶችን፣ የመንግሥት ኮርፖሬሽኖችን፣ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያሉ ኮርፖሬሽኖችንና ነፃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን ነው። የሕዝብ ገንዘብ መቀበል ብቻውን አንድን ተቋም በዚህ ትርጉም ውስጥ አያስገባውም።

ስለ ስሚዝሶንያን የተነሣው ጥያቄ ለፍርድ ቤት የቀረበው በጎን በኩል ነው። የተቋሙ አንዲት ሠራተኛ፣ ስለ እርስዋ የተሰበሰበው መረጃ በሕግ በተደነገገው መንገድ አልተሰበሰበም ስትል የግል መረጃ ጥበቃ ሕግን ጠቅሳ ክስ መሠረተች። ይህ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ትርጉም የሚዋሰው ከመረጃ ነፃነት ሕጉ ነው። የዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1997 በሰጠው ውሳኔ፣ ስሚዝሶንያን የአስፈጻሚው ክፍል አካል ስላልሆነና በሕጉ ከተዘረዘሩት ኮርፖሬሽኖችም ስላልሆነ ትርጉሙ አይመለከተውም አለ። ትርጉሙ የጋራ በመሆኑ ውሳኔው ለመረጃ ነፃነት ሕጉም የሚያስከትለው ውጤት ግልጽ ነበር።

ከዚህ እንግዳ የሚመስል ሁኔታ ተፈጠረ። አንድ ግብር ከፋይ ስለ ትንሽ የመንግሥት ቢሮ የወረቀት ግዢ ጠይቆ መልስ የማግኘት መብት ሲኖረው፣ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ በየዓመቱ ስለሚቀበለው ተቋም ግን በዚያው ሕግ የመጠየቅ መብት አልነበረውም። ሕጉ የተቋሙን አቀማመጥ አየ እንጂ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ተቋሙ ለማን እንደሚሠራ አላየም።

3. የተዘጋ መዝገብ ያስከተለው ጉዳት

የዚህ ክፍተት ዋጋ የታየው በ2006 እና በ2007 ነው። በመጋቢት 2006 ተቋሙ ሾውታይም ከተባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር የጋራ ጣቢያ ለማቋቋም መስማማቱን አስታወቀ። በስምምነቱ መሠረት ከተቋሙ ክምችትና ባለሙያዎች በሰፊው የሚጠቀም የፊልም ሠሪ ሥራውን ወደ ሌላ ጣቢያ መውሰዱ የሚገደብበት ሁኔታ እንዳለ ተሰማ። የውሉ ቃል ግን የንግድ ምስጢር ነው ተብሎ አልተገለጠም። ከ200 በላይ የሚሆኑ የፊልም ሠሪዎች፣ የታሪክ ምሁራንና ሌሎች ባለሙያዎች ፈርመው ተቃውሞ አቀረቡ። የምክር ቤቱ የሒሳብና የሥራ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጉዳዩን መርምሮ በታኅሣሥ 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ ውሉ ስለሚያስከትለው ውጤት ለፊልም ሠሪዎች ተጨማሪ መረጃ ተዘጋጅቶ ሊሰጥ እንደሚገባ አሳሰበ።

እዚህ ላይ በመግቢያው የተነገረው ነገር ተጨባጭ ሆኖ ይታያል። ፊልም ሠሪዎቹ የፈለጉት የመጀመሪያውን ዓይነት መዝገብ፣ ማለት ለሕዝብ የተሰበሰበውን ክምችት ነበር። በዚህ ላይ የተደረገውን ገደብ ልክ ለማወቅ ግን ሁለተኛው ዓይነት መዝገብ፣ ማለት ውሉ ራሱ አስፈላጊ ሆነ። ውሉ ተደብቆ እያለ ተቋሙ በሩ አልተዘጋም ብሎ ቢናገር እንኳ የሚያምነው አልተገኘም። ድብቁ ሰነድ ከገደቡ ይልቅ ጥርጣሬን አበዛ።

በሚቀጥለው ዓመት የተገለጠው ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበር። የተቋሙ ዋና ተቆጣጣሪ የዋና ጸሐፊውን ወጪዎች መርምሮ ያዘጋጀው ሪፖርት በየካቲት 2007 በጋዜጣ ወጣ። በአግባቡ ያልተፈቀደ ወጪ ተብሎ የተጠቀሰው ገንዘብ ወደ 90,000 ዶላር ይደርስ ነበር። ዋና ጸሐፊው በመጋቢት 2007 ሥራቸውን ለቀቁ። ቦርዱም ነፃ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴው ሪፖርቱን በሰኔ ወር በዚያው ዓመት አቀረበ።

ከኮሚቴው ግኝት ሁሉ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ስለ መረጃ ፍሰት የተገለጸው ነው። መረጃ ከቦርዱ ራሱ ተከልክሎ ኖሯል። ዋና ተቆጣጣሪውና የሕግ አማካሪው በቀጥታ ወደ ቦርዱ የሚደርሱበት መንገድ አልነበራቸውም፤ የቦርዱ አባላት ውሳኔ ይሰጡ የነበረው ከአንድ ጽሕፈት ቤት ተመርጦ በሚቀርብላቸው መረጃ ላይ ተመሥርተው ነው። የአገሪቱ ዋና ዳኛና ምክትል ፕሬዝዳንት በአባልነት የተቀመጡበት ቦርድ በራሱ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሳያውቅ ቀረ። ስለዚህ ለሕዝብ የተዘጋ መዝገብ ለአስተዳዳሪውም ክፍት ሆኖ አልኖረም። ምክንያቱም ማንም እንደማይጠይቀው የሚያውቅ ጽሕፈት ቤት ሰነዱን በሥርዓት የማደራጀትና ለተቆጣጣሪው የማቅረብ ልማድ አያዳብርም።

4. የተወሰደው ማረሚያና ወሰኑ

ከምርመራው በኋላ የቦርዱ የአስተዳደር ኮሚቴ 25 የማሻሻያ ሐሳቦችን አቀረበ። ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ፣ ተቋሙ በሕግ ባይገደድም የመረጃ ነፃነት ሕጉን መርሖች በራሱ ፈቃድ እንዲከተል የሚያደርግ መመሪያ በ2007 መውጣቱ ነው። በመመሪያው መሠረት ማንኛውም ሰው የተቋሙን ሰነድ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሲከለከል ምክንያቱ ይነገረዋል፤ በተቋሙ ውስጥም ይግባኝ የሚልበት ደረጃ አለው።

መመሪያው ትልቅ እርምጃ ቢሆንም ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ መመሪያ ሕግ አይደለም፤ ያወጣው አካል ሊለውጠው ይችላል። ሁለተኛ፣ የተከለከለ ጠያቂ ሕጉ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጠያቂዎች በከፈተው የፍርድ ቤት መንገድ አይሄድም፤ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ተቋሙ ራሱ ነው። በራሱ ጉዳይ ዳኛ የሆነ አካል ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ውሳኔው ከሌላ ወገን የሚሰጠውን ያህል አመኔታ አያገኝም።

በመጀመሪያው ዓይነት መዝገብ ረገድ ደግሞ ከፍተኛ ለውጥ የመጣው በየካቲት 2020 ነው። ተቋሙ 2.8 ሚሊዮን ያህል የክምችቱን ምስሎች በኢንተርኔት አማካይነት ማንም ሰው ያለ ክፍያና ያለ ፈቃድ እንዲጠቀምባቸው ከፈተ፤ ቁጥሩም ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ሄዷል። ኢንተርኔት ያለው የገጠር ትምህርት ቤት መምህር የአንዱን ወፍ ወይም የአንዱን ጥንታዊ ዕቃ ምስል አውርዶ በመማሪያ ጽሑፉ ውስጥ ቢያስገባ የሚጠይቀው የለም። ይህ ሁሉ የተቻለው ግን ዕቃዎቹ አስቀድሞ በቁጥር ተመዝግበው፣ ተገልጸውና በዝርዝር ገብተው ስለ ነበር ነው። ያልተመዘገበ ነገር ቢከፈትም አይገኝም።

5. የኢትዮጵያ ሕግ የመረጠው መንገድ

በኢትዮጵያ የጽሑፍ ቅርስን በአንድ ቤት የመሰብሰብ ሥራ በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው በ1936 ዓ.ም. ወመዘክር በሚል አጭር ስሙ የታወቀው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሲቋቋም ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 179 ደግሞ ቤተ መዛግብቱንና ቤተ መጻሕፍቱን በአንድ ሕግ አደራጅቶ፣ ሰነዶችን የመሰብሰብና የመጠበቅ፣ ለጥናትና ለምርምር የማቅረብ ኃላፊነት ሰጠው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 መረጃን የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ያረጋግጣል፤ የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት ዕድልንም በዚያው አንቀጽ ያነሣል።

ይህን መብት በዝርዝር የደነገገው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የፕሬስን ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ሲተካ መረጃ ስለማግኘት የሚደነግገውን ክፍል አልነካውም። የዚህ አዋጅ ዋና ጥንካሬ በትርጉሙ ላይ ነው። በአዋጁ የመንግሥት አካል የሚባለው የመንግሥት መዋቅር አካል የሆነው ብቻ አይደለም፤ በመንግሥት ባለቤትነት ወይም ቁጥጥር ሥር ያለ፣ እንዲሁም በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ አካልም በትርጉሙ ውስጥ ይገባል።

የአሜሪካው ሕግ የተቋሙን አቀማመጥ ሲያይ የኢትዮጵያው ሕግ ገንዘቡን ጭምር ያያል። ስለዚህ እንደ ስሚዝሶንያን ያለ ተቋም በኢትዮጵያ ቢኖር፣ ከግማሽ በላይ በጀቱን ከሕዝብ ካዝና እየተቀበለ «እኔ የአደራ ተቋም ነኝ» በሚል ምክንያት ከሕጉ ውጭ ሊሆን ባልቻለ ነበር። የአገሪቱ ቤተ መዘክሮች፣ ቤተ መዛግብትና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የጥናት ተቋማት ሁሉ በዚህ ትርጉም ሥር ይወድቃሉ። ለመምህሩም ለጠያቂውም ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

አዋጁ ካስቀመጣቸው ሥርዓቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅና የማግኘት መብት አለው፤ የተከለከለው በአዋጁ በግልጽ የተጠቀሰው ብቻ ነው።

ለ) ጥያቄው የሚቀርበው ለተቋሙ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። በጽሑፍ ማቅረብ ያልቻለ ሰው በቃል ሊጠይቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ቃሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ኃላፊው ነው።

ሐ) መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይም በ30 ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት።

መ) የሌላ ሰው የግል ጉዳይ፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነትና የመሳሰሉት ክልከላዎች ቢኖሩም፣ መረጃው መገለጡ የሚያስገኘው የሕዝብ ጥቅም ከጉዳቱ የሚያመዝን ሲሆን ክልከላው ይነሣል።

ሠ) ጥያቄው ያልተፈቀደለት ሰው ለተቋሙ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 ለተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ሊል ይችላል፤ የፍርድ ቤቱም መንገድ አልተዘጋበትም።

6. ከአዋጁ በኋላ የሚቀረው ሥራ

የሁለቱን አገሮች ሁኔታ ጎን ለጎን ሲያዩት አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ስሚዝሶንያን ሕግ ሳያስገድደው ዝርዝር ያለው፣ ጠያቂን የሚቀበል ጽሕፈት ቤት ያለው ተቋም ሆኗል። በሌላ በኩል ሰፊ ሕግ ያለው አገር፣ ዝርዝርና የሠለጠነ ሠራተኛ ከሌለው፣ መብቱ በወረቀት ላይ ይቀራል። ሰነዱ የት እንዳለ የማያውቅ ኃላፊ ክፉ ልብ ባይኖረውም «የለም» ብሎ መመለሱ አይቀርም፤ ለጠያቂውም በክፋት ከመከልከልና በዝርዝር ማጣት ምክንያት ባዶ እጅ ከመመለስ መካከል ልዩነት የለም።

ነገሩን በትምህርት ቤት ደረጃ ማየት ይቻላል። አንድ የታሪክ መምህር ተማሪዎቹን የትምህርት ቤታቸውን ምሥረታ ታሪክ እንዲያጠኑ ቢያሰማራ፣ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው መዝገብ የተማሪዎች ምዝገባ ደብተር፣ የሕንፃው ሥራ ውልና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጋር የተደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ነው። እነዚህ ሰነዶች በትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ከተሰባበሩ ወንበሮች ጋር ተከማችተው ቢገኙ፣ መምህሩ በሕግ መብት ቢኖረውም በተግባር የሚያነበው የለውም። በዚህ ምክንያት ትውልዱ ስለ ራሱ አካባቢ ከማስረጃ ይልቅ በሰሚ ሰሚ የተነገረውን ይይዛል።

ከዚህ በመነሣት መምህራን ሊያደርጉ የሚችሉት ጥቂት አይደለም። ጥያቄያቸውን ለይተው ማቅረብ ይገባቸዋል፤ «ስለ ትምህርት ያለውን ሁሉ» ከማለት ይልቅ የሰነዱን ዓይነት፣ ዘመኑንና ያወጣውን ክፍል መጥቀስ መልሱን ያፋጥናል። የጥያቄያቸውን ቅጂና ያቀረቡበትን ቀን መያዝም ይጠቅማቸዋል፤ የ30 ቀናቱ ጊዜ የሚቆጠረው ከዚያ በመነሣት ነውና። ሲከለከሉም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው መጠየቅ አለባቸው። ይህን ሥርዓት ለተማሪዎች በሥነ ዜጋ ትምህርት በተግባር ማሳየት፣ አንቀጽ ከማስሸምደድ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል።

ዕቅድ አውጪዎችን የሚመለከተው ደግሞ የበጀቱ ጉዳይ ነው። ለቤተ መዘክር ወይም ለቤተ መዛግብት ሕንፃ ገንዘብ ሲመደብ ለዝርዝር ዝግጅትና ለመዝገብ ሠራተኛ ሥልጠና የሚውለው ድርሻ ተለይቶ መታየት ይገባዋል። ከውጭ ድርጅት ጋር ፎቶግራፍ ለማንሣት፣ ለማባዛት ወይም ለማሰራጨት ውል ሲደረግ፣ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በዚያ ክምችት የመጠቀም መብታቸው በውሉ ውስጥ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ውሉም ለማየት ክፍት መሆን ይኖርበታል። ከሾውታይሙ ውል የሚገኘው ትምህርት ይኸው ነው። እንዲሁም እያንዳንዱ ተቋም ሰው ሳይጠይቀው አስቀድሞ ሊያወጣቸው የሚገቡትን ሰነዶች፣ ማለት ዓመታዊ ሪፖርቱን፣ የክምችቱን ዝርዝርና የአገልግሎት መመሪያውን በየጊዜው ቢያወጣ የጥያቄው ብዛት ራሱ ይቀንሳል።

ሁሉም መዝገብ ለሁሉም ሰው ይከፈት ማለት ግን አይደለም። የአንድ ተማሪ የግል ማኅደር፣ የአንድ ሠራተኛ የጤና ሰነድ፣ ወይም ለዘረፋ የተጋለጠ ጥንታዊ ቅርስ የተቀመጠበት ቦታ ሊጠበቅ ይገባዋል። ቁም ነገሩ ክልከላው ምክንያት ያለው፣ ምክንያቱም የሚነገርና በሌላ አካል የሚመረመር መሆኑ ነው። ምክንያት የሌለው ክልከላ ጥበቃ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ማጠቃለያ

በአማርኛ አደራ የሚለው ቃል ሁለት ግዴታዎችን በአንድነት ይይዛል። የተቀበሉትን ሳያጎድሉ መጠበቅ አንዱ ነው፤ ሲጠየቁ አውጥቶ ማሳየትና መመለስ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን ፈጽሞ ሁለተኛውን የተወ ሰው አደራ በላ ከመባል አይድንም። የስሚዝሶንያን ታሪክ የሚያሳየው፣ ለጥበቃ እጅግ የተጋ ተቋም እንኳ ራሱን ለጥያቄ ካላቀረበ የራሱን አስተዳዳሪዎች ጭምር በጨለማ ሊያስቀምጥ እንደሚችል ነው፤ ደግሞም ዘግይቶም ቢሆን ሊታረም እንደሚችል ነው።

ኢትዮጵያ ገንዘቡን ተከትሎ የሚሄድ ሕግ አላት። ያ ሕግ ሕይወት የሚያገኘው በየተቋሙ በሚዘጋጀው ዝርዝር፣ ጠያቂን በሚቀበለው ሠራተኛና ጥያቄውን ለይቶ በሚያቀርበው መምህር ነው። አንድ ትምህርት ቤት የራሱን የምዝገባ ደብተር ከዕቃ ግምጃ ቤት አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ በዓመተ ምሕረት ደርድሮ ዝርዝሩን በግድግዳ ላይ ቢለጥፍ የሥራውን መጀመሪያ ሠርቷል ማለት ነው።